ተሳፋሪ ላለመባል

የመኪና አሰልጣኙን ሰው ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። በማስተማሪያ መኪናው ውስጥ፣ በተማሪው እግር ስር ካሉት ሦስት ፔዳሎች ሌላ፣ በእሱም እግር ስር ሦስት አሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ። ተማሪው ሲሳሳት አሰልጣኙ ከጎን ሆኖ እንዲያድነው ተብለው የተገጠሙ ናቸው። እሱ ግን ተማሪው ሲሳሳትም ፍሬን ይረግጣል፣ ሊሳሳት ነው ብሎ ሲጠረጥርም ይረግጣል፣ ሳይሳሳት ብዙ መንገድ ከሄደም «ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ነካው?» ብሎ ይረግጣል። እሱ ዘንድ ሰልጥኖ ግንባሩን ከመሪው ጋር ያላስተዋወቀ ሰው የለም።

ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱ አንድ ነው። «እዚህ መኪና ውስጥ የሚነዳው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። አንተ መሪውን ይዘህልኝ ነው» ይላል። ተማሪው ፈተናውን ካለፈ ያለፈው ፍሬን ነው፤ ከወደቀ ግን የወደቀው ተማሪው ነው። ይህን የመሰለ ምቹ ሥራ የትም አይገኝም።

እንግዲህ የዚህ ሰው መንጃ ፈቃድ ታገደ። እንዴት ቢሉ፣ አንድ ተማሪው ቀይ መብራት ላይ ዘግይቶ ቆመበትና ተናደደ። «ውረድ፣ እንዴት እንደሚቆም ላሳይህ!» ብሎ መሪውን ራሱ ያዘ። ከዚያ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ ቀይ መብራት ምን ያህል ክቡር ነገር እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳ፣ የሚቀጥለውን ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። ከዚያ በፊት የተጠራቀሙ ጥፋቶችም ነበሩበትና የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ለስድስት ወር አገደው። የእገዳውን ደብዳቤ ሲሰጡት እንደ ሰው ፈርሞ አልወጣም፤ ግርጌው ላይ «አልስማማም፤ ጥፋቱ የተማሪው ነው» ብሎ በትልቁ ጻፈበት።

የማሰልጠኛው ባለቤት እገዳው እስኪያልቅ ቤቱ እንዲቀመጥ ነገረው፤ ማስተማሪያ መኪናዋ የራሱ ስለሆነች ግቢው ውስጥ ቆመች። እሱ ደግሞ ለሚስቱ «የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ነበረኝ፤ ውሰድ ብለው አስጨነቁኝ» አላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ መስኮት ስር ተቀምጣ የሰፈሩን ሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰፈሩን ሰው ቀሚስ ታሰፋለች። ባሏ ግማሽ ከተማ ሲያስተምር እሷን አላስተማራትም። በየዓመቱ ትጠይቀዋለች፤ በየዓመቱ «አንቺ እኮ ትደነግጫለሽ» ይላታል። ስትደነግጥ አይቷት አያውቅም። ግን ትደነግጣለች ብሎ ወስኗል፤ ውሳኔው ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ፍሬንን የገደለው ቤት መቀመጡ ሳይሆን በእግር መሄዱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እግረኛን «ተንቀሳቃሽ እንቅፋት» ሲል የኖረ ሰው፣ ራሱ እንቅፋት ሆኖ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። በየማዕዘኑ የድሮ ተማሪ አይጠፋም። «ጋሼ፣ መኪናዋስ? ምነው በእግር?» ይሉታል። «ለጤናዬ ነው፤ ሐኪም ተራመድ ብሎኝ» ይላል። የጠየቁት ሁሉ ደግሞ «አይዞህ፣ ስኳር ነው?» እያሉ ያጽናኑታል። እንዲህ እየሆነ ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ጠዋት ሚስቱ ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነይ፣ ተነሽ። ዛሬ መንዳት አስተምርሻለሁ።»

መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ቀና ብላ አየችው፤ የሚቀልድባት መሰላት። ከማሰልጠኛው ጸሐፊ ጋር ተነጋግሮ በስሟ ያስወጣውን የለማጅ ፈቃድ ከኪሱ ሲያወጣ ግን አመነች። ጫማዋን ቀየረች፤ አልጣማትም መሰል መልሳ ቀየረች። መስታወት ፊት ቆማ ለብቻዋ ፈገግ ስትል በበሩ በኩል አያት። ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል። እሱም ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ለእግረኛ እንደሚያደርገው ጡሩምባ ነፍቶበት አለፈ።

ዘዴው ቀላል ነው። መሪው በእሷ እጅ፣ ፔዳሉ በእሱ እግር። ከኋላ «ለማጅ» የሚል ተለጥፏል። ታዲያ ማን ይጠረጥራል? እሷ የምትማር ይመስላታል፣ ሰው የሚያስተምር ይመስለዋል፣ እሱ ደግሞ እየነዳ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያም፣ የመለዋወጫ መደብርም፣ ወንድሙ ቤትም ትምህርት ቤት ሆነ። «ግራ! ፍሬቻ! ስፖኪዮ እይ! የምን መንቀርፈፍ ነው!» ይላታል። ሞተር አላጠፋችም፣ ማንንም አልነካችም። ፍሬን ይህን ሁሉ ለእግሩ ቆጠረው።

«አየሽ፣ እዚያ ጋ ባልረግጥልሽ ኖሮ አልቆልን ነበር» ይላታል።

«እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

አንድ ቀን ፍሬን ፀጉሩን ሊስተካከል ወጡ። ፀጉር ሲባል ከጆሮው በላይ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ሰው ያለውን ነው የሚያስተካክለው። ትልቁን አደባባይ ዞረው እንደጨረሱ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸውና በሚስትየው መስኮት በኩል ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እመቤቴ። ለማጅ የሚል ለጥፎ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና አይቼ አላውቅም። አንዳንዱ ከፍተሻ ለማምለጥ ምልክቱን በከንቱ ይለጥፋል። እውነት ለማጅ ነዎት?»

ሚስትየው ፊቷ በራ። ስለ መንዳቷ አንድ ደግ ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ፍሬን በላይዋ ላይ ተንጠራርቶ ቀደማት።

«የምን ቀጥ ማለት ነው! እሷ መሪ ይዛ እኮ ነው። የምነዳው እኔ ነኝ! በእግሬ! እዚህ መኪና ውስጥ ከእኔ በቀር የሚነዳ የለም!»

«እንደዚያ ነው?» አለ ፖሊሱ። «እንግዲያው የሚነዱት እርስዎ ከሆኑ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ።»

በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ የሚባለው ለዚህ ነው። ፍሬን ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላኛውን ኪሱን ዳበሰ። ቤት ረስቼው ነው አለ። ፖሊሱ ቁጥሩንና ስሙን ጠይቆ ስልኩ ላይ ፈለገና «ታግዷል ይላል» አለ፣ አየሩ ሞቃት ነው እንደሚል ሰው በዝግታ። ሚስትየው ከነወገቧ ዞረች።

«ምንድን ነው የታገደው? መቼ ነው የታገደው?»

ፖሊሱ ቀኑን ነገራት። ቀኑ «የዓመት ፈቃድ» ከተጀመረበት ቀን ጋር አንድ ነበር። መኪናዋ ተወሰደች፤ ባልና ሚስት በእግራቸው ተመለሱ፣ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ቤት ገብታ ስፌቷ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችው።

«እኔ ደግሞ ለእኔ ብለህ መስሎኝ» አለችው። ይህን ብላ የስፌት መኪናዋን ማሽከርከር ጀመረች፤ የምትሰፋው ሱሪ የማን እንደሆነ ባይታወቅም ያን ቀን ባለቤቱ ሲለብሰው ከሚሠቃየው ይበልጥ ተሠቃየ። ፍሬን አፈረ። ማፈሩን እንዴት እንደሚናገሩት ስለማያውቅ ግን መስኮቱ በደንብ አይዘጋም ብሎ ተቆጣ።

ነገሩ ክስ ሆነ። ፍሬን የያዘው ጠበቃ የሚስቱ ያጎት ልጅ ነው። ቢሮው ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሦስት ወንበር ከገቡ በኋላ ለሰው እግር ቦታ ያልተረፈው ክፍል ነው። ፍሬን ጉልበቱን ታቅፎ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በታገደ ፈቃድ መንዳት እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል» አለው ጠበቃው። «እስሩስ ያልፋል። የሚከፋው ሌላው ነው፤ ፈቃዱ ላንዴና ለመጨረሻ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ እንኳን ማስተማር መንዳትም የለም። ሕጉ ደግሞ አሽከርካሪ የሚለው መሪ የያዘውን ብቻ አይደለም፤ በእጁም ሆነ በእግሩ መኪናውን የተቆጣጠረውን ነው።»

ፍሬን ሌላ ሥራ አያውቅም። ሚስማር ሲመታ የሚያገኘው አውራ ጣቱን ነው። መኪና የሌለው ፍሬን ቁራጭ ብረት ነው፤ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

«መከላከያ የለውም?» አለ።

«አለው እንጂ። አንደኛው፣ መታገዱን አላወቅሁም ማለት ነው። ደብዳቤው አልደረሰኝም ካሉ…»

«ደርሶኛል። እንዲያውም አልስማማም ብዬ ጽፌበታለሁ።»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «እሺ። ሁለተኛው አስገዳጅ ሁኔታ ነው። የሰው ሕይወት ለማዳን፣ በሽተኛ ለማድረስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። የት ነበር የምትሄዱት?»

«ፀጉር ቤት።»

ጠበቃው የፍሬንን ራስ አየ፤ አንድ ነገር ሊል ቃጣውና ስለ ዝምድና ብሎ ተወው።

«እንግዲያው የቀረን አንድ ነው። አልነዳሁም ይላሉ። መሪው በማን እጅ ነበር? በእታለም እጅ። ስለዚህ የነዳችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ተሳፋሪ ነበርኩ፤ አለቀ። እታለም መታገዱን ስላላወቀች በተግሣጽ ታልፋለች። ለፖሊሱ የተናገሩትን ጉራ ነው እንለዋለን። ጉራ ወንጀል አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ እስር ቤቱ ለሌባ ቦታ አይተርፈውም ነበር።»

«ተሳፋሪ?» አለ ፍሬን፣ አጥንት እንደሰነቀረው ሰው።

«አንድ ዓመት፣ ጋሼ። ፈቃዱም እስከ ወዲያኛው።»

«እሺ፣ እሺ።»

«በሉ እስኪ እንለማመድ።»

«የነዳችው ባለቤቴ ናት» አለ ፍሬን።

«ግሩም!»

«ግን በእኔ እግር።»

«ጋሼ፣ ‹ግን› የለም።»

«የነዳችው ባለቤቴ ናት፤ ነዳች ከተባለ።»

«‹ከተባለ›ም የለም። ዝም አይነቅዝም፣ ጋሼ። አንዷን ዐረፍተ ነገር ይበሉና ዝም ይበሉ። ለመሆኑ ይሄን ያህል ምኑ ነው የሚከብደው?»

ፍሬን እስከ ቀጠሮው ድረስ ዐረፍተ ነገሩን እየላጨም፣ ጫማውን እያሰረም ደገመው፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ አንዲት ጅራት ትበቅልበታለች። የቀጠሮው ዋዜማ ሚስቱን «ምን ብለሽ ልትመሰክሪ ነው?» አላት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ያየሁትን» አለችው። ምን እንዳየች መጠየቅ ፈራ።

ችሎቱ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸውም ሲነሡባቸውም የሚያቃስቱ አዳራሽ ነው። ዳኛዋ ስታዳምጥ ብዕሯን እየከፈተች የምትዘጋ፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ዝንብ እሽ የማይል የሚመስል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነው። ፍሬን አይቶት ልቡ ረጋ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው መፍራት፤ ግን ይህን የሚያውቀው ተከሶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ትራፊክ ፖሊሱ የሰማውን መሰከረ። ቀጥሎ ፍሬን ቆመ። ጠበቃው ጠየቀው፤ ፍሬን አየር ስቦ «የነዳችው ባለቤቴ ናት» አለና አፉን ገጠመ። ጅራት የለም፣ ግን የለም። ጠበቃው ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም ምሳውን ቤቱ ይበላ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ግን በዝግታ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ስንት ዘመን አስተማሩ?» አለ በትሕትና።

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ያስመሰግናል። ባለቤትዎ ታዲያ ጎበዝ አሽከርካሪ ናቸዋ?»

«ምን… ትሞክራለች።»

«ትሞክራለች። ትልቁን አደባባይ ግን ብቻቸውን ዞሩት?»

ፍሬን ጠበቃውን አየ። ጠበቃው በዓይኑ ለመነው። «አዎ» አለ ፍሬን፤ ቃሏ ጉሮሮውን ቧጥጣ ወጣች።

«ያለ እርስዎ እርዳታ? በዚያ ሁሉ አውቶቡስና ጭነት መኪና መሐል? የሚደነቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ ‹የምነዳው እኔ ነኝ› ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ እጅዎን አጣጥፈው በመስኮት መንገድ እያዩ ሄዱ። እርስዎ ባይኖሩም ባለቤትዎ ያው ይደርሱ ነበር ማለት ነው። ልክ ነኝ?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የፍሬን ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ደግሞ ያኔ አመለጠ።

«ማን ነው ተሳፋሪ? እኔ? እሷ ብቻዋን አደባባይ ልትዞር? ፍሪሲዮኑን የረገጥኩት እኔ! ፍሬኑን የረገጥኩት እኔ! ነዳጅ የሰጠሁት እኔ! እኔ ባልኖር ኖሮ ዛሬ የቆምነው እዚህ ሳይሆን ሬሳ ክፍል ነበር!»

«አመሰግናለሁ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፤ ጠግቦ እንደበላ ሰውም ተቀመጠ። ከአነጋገር ይፈረዳል የሚሉት ለዳኛ ነው፤ ፍሬን ግን ዳኛ ሳያስቸግር በራሱ ላይ ራሱ ፈረደ። ጠበቃው ወረቀቶቹን ይሰበስብ ጀመር። ፍሬን የተናገረው የገባው ተቀምጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ነገሩን በሚስማር ለመምታት አንድ ምስክር ብቻ ቀርቶት ነበር። መኪናዋን የመረመረው ቴክኒሻን ዘግይቶ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ።

«በተከሳሹ ወንበር ፊት ፔዳሎች አሉ?» ሲል ጠየቀው ዐቃቤ ሕጉ።

«አሉ። ሦስት።»

«ሲረገጡ ይሠራሉ?»

«ይረገጣሉ። አይሠሩም።»

ዐቃቤ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«ስፕሪንጋቸው ደኅና ነው፤ ሲረግጧቸው ይወርዳሉ፣ ሲለቋቸው ይመለሳሉ። ግን የሁለቱን ወንበር ፔዳሎች የሚያያይዘው ብረት ከነመሠረቱ ተነቅሎ ከስር ተንጠልጥሏል። የሆነ ነገር መትቶት ነው። ዝገቱን ሳየው ሰንበት ብሏል። በእነዚያ ፔዳሎች መንዳት አይቻልም፣ ማቆምም አይቻልም። እግር ማሳረፊያ ሊሆኑ ይችላሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች። ፍሬን ብድግ አለ።

«ውሸት ነው! ስረግጥ ትቆማለች! በየቀኑ ስረግጥ ስትቆም ነው የከረመችው!»

«ተከሳሽ፣ ይቀመጡ» አለች ዳኛዋ።

«አልቀመጥም! እኔ ነኝ የነዳሁት!»

ተከሳሹ ካልታሰርኩ ብሎ ሲሟገት፣ ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ ያ ችሎት እንዲህ ያለ ነገር ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ጠበቃው ግን ከሞት ተነሣ። የሰበሰባቸውን ወረቀቶች በትኖ «ክብርት ዳኛ፣ የመከላከያ ምስክር አለኝ» አለና የአጎቱን ልጅ ጠራ።

ሚስትየው መንዳት በጀመረች ቀን የመረጠችውን ጫማ አድርጋ ነበር የመጣችው። ቃለ መሐላዋን ፈጸመችና ባሏን ሳታይ ተናገረች።

«የመጀመሪያው ቀን ከግቢ ስንወጣ፣ የቦዩ ክዳን ላይ ከስር አንድ ነገር ቋ አለ። ምንድን ነው አለኝ፤ ድንጋይ ነው አልኩት። ድንጋይ ነበር የመሰለኝ። ትንሽ ሄደን ማዕዘኑ ጋ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ብቅ አለብን። ባሌ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት፤ መኪናዋ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። ያኔ እኔ ረገጥኩ። ቆመች።»

«ባለቤትዎስ ምን አሉ?» አለ ጠበቃው።

«‹አየሽ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ› አለኝ።»

ዳኛዋ ብዕሯን መክፈትና መዝጋቱን ተወች።

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ እግሩን በጎን እያየሁ ነዳሁ፤ ፔዳል መርገጥ በስፌት መኪናዬ ለምጃለሁ። ሲረግጥ እረግጣለሁ፣ ሲለቅ እለቃለሁ። በማያስፈልግ ቦታ ሲረግጥ ደግሞ ለይስሙላ ነካ አድርጌ እተዋለሁ፤ አለዚያ ይጠረጥራል። መሪውም የእኔ፣ ማርሹም የእኔ፣ ፔዳሉም የእኔ ነበር። ያን ቀን አደባባዩንም የዞርኩት እኔ ነኝ። ፈቃዱ መታገዱን ግን ፖሊሱ ነው የነገረኝ።»

«ፔዳሉ መበላሸቱን ለምን አልነገሯቸውም?» አለች ዳኛዋ።

«ክብርት ዳኛ፣ ባል ነው እኮ» አለች ሚስትየው። ዳኛዋ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም፤ የባልን ነገር ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

ፍሬን እግሮቹን አየ። ስንት ቀን ሙሉ በዚያ ሁሉ ጭነት መኪና መሐል ማቆም በማይችል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲፎክር ነው የከረመው። በሕይወት ያቆየችው እሷ ናት፤ አቆይታውም አመስግናዋለች። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ቢቻለው ወንበሩ ስር ይገባ ነበር።

«ተከሳሽ ይነሡ» አለች ዳኛዋ። «አንዴ ነዳሁ ብለው አምነዋል። እነዚህ ምስክሮች ደግሞ ሊነዱ አይችሉም ነበር ይላሉ። ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። መኪናውን የነዳው ማን ነው?»

በአንድ ወገን እስር ቤትና የተሰረዘ ፈቃድ አለ። በሌላው ወገን አራት ቃል የማትሞላ ዐረፍተ ነገር። ጤነኛ ሰው አያመነታም ነበር። ፍሬን አመነታ። ሚስቱን አያት፤ አትለምነውም፣ አትቆጣውም፣ ሊቆረጥ የተዘረጋ ጨርቅ እንደምታይ ነው የምታየው።

«የነዳችው ባለቤቴ ናት» አለ።

ጠበቃው ትንፋሹን ይዞ «ግን» የምትለዋን ጠበቀ። አልመጣችም። ይልቅስ ፍሬን ማንም ሳይጠይቀው «በደንብ ነው የነዳችው» ሲል ጨመረ፤ ድምፁ ከኋላ ወንበር አልተሰማም፣ ከፊት ግን ተሰማ።

ውሳኔው ረዥም አልነበረም። በታገደ ፈቃድ ማሽከርከር ከሚለው ክስ ፍሬን ነጻ ወጣ፤ ምንም አለመሥራቱ በባለሙያ ተረጋግጦለት። በእገዳ ላይ ሳለ፣ ያውም በተበላሸ መኪና በማሠልጠኑ ግን መቀጮ ተጣለበት፤ እገዳውም ተራዘመ። ሚስቱ ብልሽቱን እያወቀች በመንዳቷ ተግሣጽ ተሰጣት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች፤ ሲያዩዋት ግን ሽልማት የተቀበለች ትመስል ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ሲወጣ ለእሷ ባርኔጣውን አነሣላት።

ውጪ ጠበቃው ሁለቱንም ጨብጦ ሌላ ደንበኛ አለብኝ ብሎ ሮጠ። ባልና ሚስት አውቶቡስ ወደሚቆምበት በእግራቸው ወረዱ። የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ነውና አንዳንዴ ትከሻቸው ይነካካል። ፍሬን ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ከዘጋ በኋላ ጠየቀ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለዳኛዋ ባል ነው አልሻት። እንዳላፍር ብለሽ ነው አይደል?» ይህን ሲል ድምፁ ለሰለሰ። እውነትም ልቡ ተነክቶ ነበር። «ለእኔ ብለሽ።»

ሚስቱ ቆመች።

«ለአንተ ብዬ አይደለም። መንዳት ፈልጌ ነው» አለችው። «ብነግርህ ታስወርደኝ ነበር።»

አላስወርድሽም ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ያስወርዳት ነበር፤ ያውም ከመንገዱ መሐል፣ በሩን ራሱ ከፍቶ። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። እሷ መንገዱን ስትቀጥል ከጎኗ ሄደ።